ለአጋዘን የተባለ አሜን

አርባ ዓመት አልፎኝ የአጋዘን ስም በላቲን ልሸመድድ ተቀመጥኩ። በፈረንጆቹ 2015 ነው። ሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ አንድ ማኽሳን እሠራ ነበር፤ መጋዘኑን እዚህ እስራኤል ሁላችንም ማኽሳን ነው የምንለው። ካርቶን መጫን፣ ካርቶን ማውረድ። ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ የእንስሳት ተንከባካቢነት ኩርስ አለ ሲሉ ሰማሁና ተመዘገብኩ። ካርቶን ከሚጥለኝ ፍየል ቢወጋኝ ይሻላል ብዬ ነው። መጨረሻው ምን ሆነ ካላችሁ፣ ፈተናውን አልፌ ሥራ አላገኘሁም። ዛሬም ካርቶን እጭናለሁ።

መምህርቷ እንስሳውን በዕብራይስጥ መጥራት አይበቃም፣ የሳይንስ ስሙን በቃላችሁ ያዙ አለችን። እውነቷን ነው። ዕብራይስጡ አያል ብሎ ብዙውን በአንድ ስም ይገላግለዋል። የኛም አማርኛ ቢሆን ቀንዱ ቅርንጫፍ ያለውን የፈረንጅ አገሩንም፣ ቀንዱ የተጠማዘዘውን የአገር ቤቱንም አጋዘን ብሎ ያልፋል። ላቲኑ ግን አንድ በአንድ ይለያል። ባለ ቅርንጫፉ ትልቁ ሴርቩስ ኤላፉስ ነው። ጀርባው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው ዳማ ዳማ። ትንሹ ካፕሬዎሉስ ካፕሬዎሉስ። እዚሁ አገር ሜዳ ላይ የምናየው ሚዳቋ መሳዩ ጋዜላ ጋዜላ። ድኩላን እንኳ አልማሯትም፣ ትራጌላፉስ ስክሪፕቱስ ብለዋታል። ድኩላ የሚል ቀላል ስም እያለ ምን እንዳስጨነቃቸው እንጃ።

እናቴ ኤይን ሀትኽሌት የሚባለው ሰፈር እኔ ቤት ነበረች፣ ከአልጋ የማትነሳ ሆና። ልቧ ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት ብለውኛል። ይህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ እሷም እኔም ገብቶናል። ሞቱን አልፈራችውም። የፈራችው ያለ ፍታት መቀበርን ነው። የዚህ አገር የቀብር ሰዎች በዕብራይስጥ አጠር አድርገው ጸልየው ይሄዳሉ፤ እሷ የምትፈልገው አባት እናቷ የተሸኙበትን የግእዙን ጸሎት ነው። እሱን ያደርሱልን የነበሩት የኛው የቤተ እስራኤሎቹ ቄስ ደግሞ ከሷ ቀድመው አረፉ።

"እንግዲህ እንደ ውሻ ልትጥሉኝ ነው" ትለኛለች።

"ተይ እስቲ እማዬ፣ ገና መቼ ሞትሽና" እላታለሁ።

ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አጠና ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ሴርቩስ ኤላፉስ፣ ዳማ ዳማ፣ ካፕሬዎሉስ ካፕሬዎሉስ። አንድ ቀን ጋዜላ ጋዜላ ብዬ ትንፋሽ ስወስድ "አሜን" ሲባል ሰማሁ። ዞር ስል መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አይፈረድባትም። በኛ ዘንድ ግእዙን ቄሱ ያውቁታል እንጂ ሕዝቡ መች ገብቶት ያውቃል። እሳቸው ይላሉ፣ እኛ አሜን እንላለን።

"ኸማን ተማርኸው፣ የኔ አባት?" አለችኝ።

"እማዬ፣ የአውሬ ስም ነው እኮ። ለፈተና ነው።"

ሳቀች። "ደብቅ፣ ደብቅ። አያትህም ግእዙን ሲማር እንዲሁ ይደብቅ ነበር" አለችና ተመልሳ ትራሷ ላይ ተጋደመች። ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ ሾርባ ጠጣች።

ደጋግሜ ነገርኳት። ስልኬ ላይ የአጋዘኖቹን ፎቶ አሳየኋት፣ "ሲያምሩ" ብላ መለሰችልኝ። ተናደድኩ፣ ምን ልዋሽ። ሰው እውነቱን ተናግሮ ካልታመነ ምን ያድርግ? ግን ደህና መተኛት ጀምራ ነበር፤ ተኝታ ሳያት ንዴቱ ይበርድልኛል።

ይባስ ብላ ለሚጠይቃት ሰው ሁሉ አወራች። በሰንበት ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። እናቴ ገና ጎንደር ሳለች ጀምሮ የምታውቃቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ከቄስ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ፣ ለቅስና ሊበቁ ጥቂት ሲቀራቸው በሱዳን በኩል ወደዚህ አገር የመጡ። በሩን ስከፍትላቸው ደስ አለኝ። እስካሁን እሳቸውን እንዴት አላሰብኩም ብዬ ራሴን ሰደብኩ። እሳቸው ካሉ የእናቴ ነገር ዕዳው ቀለለ ማለት ነው።

"እስቲ አሰማን ልጄ" አሉኝ።

እናቴ እያየችኝ አልልም እንዴት ልበል? ከሴርቩስ ጀምሬ እስከ ትራጌላፉስ አወረድኩት። አሁን ያስቆሙኛል፣ አሁን ይስቁብኛል እያልኩ ፊቴ ይግላል። አላስቆሙኝም። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ፣ ከእናቴ ጋር እኩል አሜን አሉ። ለሷ አዝነው ነው ብዬ ደረጃው ድረስ ሸኘኋቸው።

"አባባ፣ ስለሸፈኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያልኩት የአጋዘን ስም ነው፣ በላቲን። ቀኗ ቀርቧል፤ ፍታቱን እርስዎ ያድርሱላት።"

የደረጃውን ብረት ያዙ።

"አጋዘን?" አሉ።

"አዎ።"

"እኔማ ግእዙ ጠፍቶብኝ ነው መስሎኝ። አንዱንም ቃል አጥቸው ስቀር፣ ኸኔ ቢጠፋ ልጁ ይዞታል ብዬ ነው አሜን ያልሁት። ፋብሪካ ስገባ ስወጣ ኸአፌ ሄደ፣ ልጄ። ይትባረክ ብዬ እጀምራለሁ፤ ኸዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ለኔም ታደርስልኛለህ ብዬ ነበር የመጣሁት።"

ብረቱን እንደያዙ አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ።

እናቴ ብዙም አልቆየች። መቃብሩ ላይ የቀብር ሰዎቹ የዕብራይስጡን ጸሎት ቶሎ ጨረሱ። እናቴ ያወራችላቸው ሰዎች ግን አልተነቃነቁም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወንዶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ሁሉም ወደኔ ዞረው ፍታቱን እንዳደርስ ጠበቁኝ። ሽማግሌው ብቻ መሬት መሬት ያያሉ። ካንዱ ሰው እጅ አካፋውን ተቀበልኩና አፈሩን መመለስ ጀመርኩ።