ለበቅሎዬ ያልኳት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከዓረብ አገር የተመለሰችው የልጅ ልጄና እኔ ደጅ ተቀምጠን ፀሐይ እንሞቃለን። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ከዘራዬን አቀብዪኝ» አልኳት። «ኦኬ አባባ» አለችና አመጣችልኝ። ምንም ክፋት የለባትም። እኔን ግን ከዘራዬን እንደያዝኩ ያቺ «ኦኬ» ወደ ጎረምሳነቴ መለሰችኝ።

ደብረ ታቦር ላይ ይህችን ቃል ከብዙ ሰው ቀድሜ የሰማኋት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ በቅሎ አከራይ ነበርኩ። አንድ አሜሪካዊ አስተማሪ ትምህርት በሌለ ቀን በቅሎዬን ይከራያል፤ አንዴ ጋፋት፣ አንዴ እስከ እብናት እንወርዳለን። እኔ ከፊት እየሳብኩ፣ እሱ ከላይ ሆኖ «ኦኬ» ይላል። ቁልቁለት ላይ ጎተት አድርጎ ሲላት ቀስ በሉ ማለቱ ነው። አጠር ካደረጋት ተስማምቷል። ጫፏን ወደ ላይ ካነሣት ይጠይቃል፤ ደከመህ ወይ፣ እንረፍ ወይ። ሽሮው አቃጥሎት እንባው እየወረደም «ኦኬ» ነው። ቄስ ስናገኝ ከበቅሎዋ ወርዶ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ለቄሱም ያችው ናት። ፊደል በቅጡ ያልቆጠርኩት ሰውዬ የፈረንጅ ቋንቋ የያዝኩ መሰለኝና በሄድኩበት እሷን ማለት ጀመርኩ።

በዚያው ኅዳር አያ ታረቀኝ ለገብስ አጨዳ ደቦ ጠሩ። አያ ታረቀኝ የእናና አባት ናቸው። እናናን ለትዳር እንደምፈልጋት አገሩም ያውቃል፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሽማግሌ ለመላክ ግን ፊታቸው እስኪፈታ መጠበቅ ነበረብኝ። በጠዋት ሄድኩ። በቅሎዬን ካጥሩ ሳስራት ብትቅበጠበጥ «ኦኬ፣ ኦኬ» እያልኩ አባበልኳት። ከዚያ እስከ ቀትር ጎንበስ እንዳልኩ አጨድኩ። የጉና ነፋስ ላብን ገና ሳይወርድ ያደርቀዋል።

ቀትር ላይ ነዶ ተደግፈን ቆሎ ስንቆረጥም፣ እናና ጠላ ስትቀዳ፣ አያ ታረቀኝ ያጨድኩትን ዞረው አዩና ፊቴ ቆሙ።

«እጅህ ደህና ነው» አሉኝ። «እንግዲህ ሽማግሌዎችህ ለጥር ይምጡ።»

እንዲህ ሲባል ብድግ ተብሎ፣ ጉልበት ተስሞ ነው «እሺ ጌታዬ» የሚባለው። እኔ ደስታው ቀደመኝ። እንደተቀመጥኩ፣ አፌ ቆሎ እንደሞላ «ኦኬ!» አልኩ።



«ምን አለ?» ብለው አያ ታረቀኝ ወደ አጫጆቹ ዞሩ።

«የፈረንጁን ነዋ!» አለ አንዱ ሳቁን እያፈነ። «ተምሯል እኮ!»

ያኔ ተነሣሁ። «እሺ ማለት ነው፣ አያ። ደግ ቃል ናት።»

«ጠዋት ለበቅሎህ ያልካት አይደለችም?»

«ናት፤ ግን…»

«እንግዲያው ሽማግሌህን ለበቅሎህ አባት ላክ!»

የደቦው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ብል ወደ ኋላ ሸሹ። እናና ዋንጫዬን ስትቀበለኝ ቀስ ብላ፣ «ምን ነበር እሺ ብትል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረችኝም። በጥር ይፋግ አገር ለሌላ ሰው ተዳረች።

አስተማሪው ሲሰማ ፊቱ ቀላ። ሄዶ ሊለምንልኝ ፈለገ፤ ይቅር አልኩት። «ኦኬ» አለ። ያን ቀን ያላት ግን እኔ በማላውቀው ዜማ ነበር።

እኔም በኋላ የልጆቼን እናት አገባሁ፤ ደህና ኖርን። አሁን ሳስበው አያ ታረቀኝ ያዘኑት በቃሏ ብቻ አልነበረም። እኔ ከአስተማሪው ቃሏን ወሰድኩ፤ ከበቅሎ መውረዱን፣ ባርኔጣ ማውለቁን ተውኩት።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ሳመላልስ ቆይቼ፣ «ለመሆኑ ኦኬ ያልሽው ለእኔ ነው ለበቅሎ?» አልኳት የልጅ ልጄን።

«በቅሎ መች አለንና አባባ?» ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ደግሞም ከዘራዬን ስታቀብለኝ ስልኳን መሬት አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ፣ በሁለት እጇ ነበር የሰጠችኝ።