መስመሩ ተይዟል

ገለቴ ጠዋት ጠዋት ሱሩር ሱቅ ገብታ ስትቀመጥ ነጠላዋን ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ገለጥ ታደርጋለች። የስልክ ማዳመጫ ታደርግበት የነበረው ጆሮ ነው። ማዳመጫው ግን ከተወሰደባት ወራት አልፈዋል።

ሰበታ ላይ ስልክ በሰው እጅ ይገናኝ በነበረበት ጊዜ ስልከኛዋ እሷ ነበረች። ደዋዩ ቁጥር አያውቅም። እንደ ኦሮምኛው «ያ ገለቴ፣ እስቲ ወንድሜን ጥሪልኝ» ይላል፤ ትጠራለች። ከአዲስ አበባ ሆስፒታል የሞት ወሬ ሲመጣ ግን አታገናኝም። «መስመሩ ተይዟል» ትልና ወደ ጎረቤት ሰው ትልካለች። ሽማግሌዎች ማለዳ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ እናትየው የሚደግፋት ሰው አጠገቧ እያለ ትሰማለች። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። አድርጊ ብሎ ያዘዛት አለቃ አልነበረም።

ዘንድሮ ያለ ስልከኛ የሚያገናኝ ማሽን መጣ። ሊተክል የመጣውን ቴክኒሻን ጠየቀችው።

«መርዶ ሲመጣስ ምን ያደርጋል?»

«እትዬ፣ እሱ ወሬ አይሰማም። ቁጥሩ ከተመታ ያገናኛል።»

«ሳይሰማ?»

«ጥሩነቱ እሱ አይደል! እንደ እርስዎ ሰው ጉዳይ ውስጥ አይገባም» ብሎ ሳቀ።

እሷን አሰናበቷት። በሰፈሩ ስልክ ያለው ሱሩር ብቻ ስለሆነ፣ በሽተኛ ያለው ሁሉ ለሆስፒታል የሚሰጠው የሱን ቁጥር ነው። አንድ ቀን ሱሩር ጓዳ ዕቃ ሲያወርድ ስልኩ ጮኸ። ጨው ልትገዛ የገባችው ጠጅቱ አነሣችው። ደዋዩ ማን እንዳነሣው አልጠየቀም። «የነገሳ ቤተሰቦች መጥተው አስከሬን ይውሰዱ» አለ።

ነገሳ ልጇ ነበር። የጨው ከረጢቱ ሥር ብቻዋን ወደቀች። እስከ ዛሬ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ገለቴ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ አንድ ሰው እንኳ መስመሩ ላይ እንዲተዉ ለመነች። የሰማት የለም። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ፣ ስልኩ አጠገብ ትውላለች።

«እኔ እኮ ደመወዝ አልከፍልሽም» ይላታል ሱሩር።

«የጠየቀህ አለ?»

«ገበያተኛው ይስቃል። 'ሱሩር ለስልኩ ዘበኛ ቀጠረለት' እያለ።»

«ይሳቅ። ብቻ እኔ ቀድሜ ላንሣው።»

ባይሳ፣ ያላት አንድ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ሳንባውን ታሞ ተኝቷል። ጠያቂ የሚያስገቡት እሑድ ብቻ ነው። ባለፈው እሑድ ደም ሲተፋ አየችው፤ ሰዓቱ አልቋል ብለው አስወጧት። የሰጠቻቸው ቁጥር ያው የሱሩር ነው። ለሰው ሁሉ መስመር ትይዝ ነበር፤ ለእሷ የሚይዝላት የለም።

ስለ እሷ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት አልከለከለችኝም። አንድ ነገር ብቻ ሳትጽፊ ተይልኝ አለችኝ፦ ስልኩ ሲጮኽ፣ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት፣ «የሌላ እናት ይሁን» ብላ እንደምትለምን።