ጂቱ ያለ ሸክም እንጦጦ የወጣች ዕለት

ጂቱ በወጣትነቷ የእንጦጦን ጭራሮ እየለቀመች፣ ከቁመቷ የሚረዝም ሸክም አዝላ ወደ ከተማ ስትወርድ የኖረች ሴት ናት። በእንጦጦ ማርያም ደጅ፣ በአሮጌው ቤተ መንግሥት አጥር ሥር ሳታልፍ የዋለችበት ቀን ጥቂት ነው። ሸክም ግን ቀና አያሰኝም፤ ከመንገዱ ጠጠር በቀር ያየችው አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቱንም ሳታየው ትፈራው ነበር። ኋላ የካ ሚካኤል አካባቢ ከባልንጀሮቿ ጋር የሽመና ማኅበር አቋቋመች። ዛሬ ሊቀመንበሯ እሷ ናት፤ ስትናገር ድምፅዋ ከሽመናው ዕቃ ኳኳታ በላይ ይሰማል።

አንድ ቅዳሜ፣ መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የምትኖረው መምህርት ልጇ ሶሬቲ መኪናዋን ይዛ መጣች። እናቷን በኦሮምኛ «ሃርሜ»፣ እማዬ፣ ነው የምትላት።

«ሃርሜ፣ ተነሺ! ዛሬ እንደ እንግዳ አገርሽን ትጎበኛለሽ።»

«የት የት?»

«መጀመሪያ ምኒልክ መቃብር፣ ከዚያ እንጦጦ።»

ጂቱ አላመነታችም። በእጇ የሸመነችውን ነጠላ አጣፍታ ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

መቃብሩ ካለበት በአታ ለማርያም ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አስጎብኚው ዲያቆን ወደ ምድር ቤቱ የሚያወርደውን ደረጃ እያሳየ፣ «እማማ፣ እጄን ይያዙ» አላት።

«ልጄ፣ እኔ ከነሸክሜ ገደል የወረድኩ ነኝ» ብላ ምንም ሳትይዝ ወረደች።

ከታች ቀዝቀዝ ይላል። ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ በእብነ በረድ መቃብር አርፈዋል። ጂቱ ባደገችበት ቤት አያቷ የንጉሡን ስም በአድናቆት ያነሱ ነበር፤ አባቷ ደግሞ የተወሰደውን የዘመዶቻቸውን መሬት እያሰቡ በቅሬታ። እንጀራ ቀርቦ እንኳ በዚሁ ይከራከሩ ነበር። ከመቃብሩ ፊት ስትቆም ሶሬቲ ጠጋ አለቻት።

«ምን አሰብሽ?»

«አያቴም አባቴም እውነታቸውን ነበር» አለች ጂቱ። «ሁለቱም ያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይኸው፣ ያርፋል። ነፍሳቸውን ይማር።»

እንጦጦ ወጡ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ስትገባ ግድግዳውን፣ ከዚያም ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ሳቀች።

«ይሄን ነው ስፈራው የኖርኩት! ጭቃና እንጨት እኮ ነው፤ እኛም ቤታችንን እንዲሁ ነበር የምንመርገው።»

ሲወጡ፣ አንዲት ወጣት ሴት የጭራሮ ሸክሟን አጥሩ ላይ አስደግፋ ለመነሣት ስትታገል ጂቱ አየቻት። ሶሬቲ «ሃርሜ፣ ወገብሽን!» ከማለቷ በፊት ደርሳ ገመዱን ፈታች።

«ስምሽ ማነው?»

«ሰኚ።»

«እስቲ እጅሽን።» ገልብጣ አየችው። «ይህ እጅ ክር ይይዛል። ሰኞ የካ ሚካኤል፣ ሽመና ማኅበራችን መጥተሽ ጂቱ ብለሽ ጠይቂ።»

«እኔ ሽመና አልችልም፣ እትዬ።»

«እኔስ ከናቴ ሆድ ችዬው ወጣሁ?»

ከዚያ ጭራሮው የሶሬቲ መኪና ጣሪያ ላይ ይጫን አለች። ሶሬቲ ደነገጠች። «ቀለሙን ይፍቀዋል!»

«ይፋቀው። የተማርሽው በጭራሮ ነው።»

ሶሬቲ ራሷ ገመዱን አጠበቀች። ሦስቱም ቁልቁለቱን በመኪና ወረዱ።

ሰኞ ሰኚ አልመጣችም። የማኅበሩ ሴቶች «ቀረች» ሲሉ፣ ጂቱ «ትመጣለች» ብላ አንድ ቦታ አስለቅቃ ጠበቀቻት። ሐሙስ ዕለት ሰኚ ከጎረቤቷ ጋር መጣች። የመጀመሪያ ጨርቋ ዳርና ዳሩ የተንጋደደ ነበር፤ ጂቱ አስፈትታ እንደገና አሠራቻት።