ልጅ የተኛበት መሶብ

ስፌት የምትሰፋ ሴት ቁጭ ትላለች፤ የሚዞረው ስፌቱ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ እንደዚያ ነው። ስፌቱን ጭንሽ ላይ ታደርጊያለሽ፣ በቀኝ እጅሽ በወስፌ ትወጊያለሽ፣ በግራሽ ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ፤ አንቺ ግን ከተቀመጥሽበት አትነቃነቂም። ባለፈው ክረምት ይህንን ገለበጥኩት። መሶቡ ተቀመጠ፣ እኔ ዞርኩ።

ምክንያቱ ልጄ ነው።

የምንኖረው ከካራ ከፍ ብሎ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ከሚጀምርበት ሥር፣ ባሌ ተወልዶ ባደገበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው። አማቴ፣ የባሌ እናት፣ በዋናው ቤት ናቸው። ድሮ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሁሉ የገብስ ማሳቸው ነበር። አሁን የቀራቸው እኔ የስፌት ሣር የምነክርበት ባልዲ የሚቀመጥባት ቦታ ናት፤ እሷንም በየቀኑ አንድ ጊዜ ያስታውሱኛል። አማቴ ሲቆጡ በኦሮምኛ ነው፣ ሲለምኑ በአማርኛ። ከእኔ ጋር አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ያወራሉ። ይህን ደግነት ነው ብዬ ወስጄው ነበር፤ በኋላ ሳየው ግን ብዙ የሚፈልጉት ነገር ስላለ ነው።

እኔ ሰው ማነጋገር አልችልበትም። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት እያቃተኝ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀሪ እባል ነበር። ስለዚህ ስፌት ይስማማኛል፤ መሶብ አያናግርም። ደንበኛ ግን ያናግራል። ለዚህ ለዚህ ባሌ ነበር። እሱ ከካራ መገናኛ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው፤ ደንበኞቼንም ታክሲ ውስጥ እንደሚያስገባቸው ሰዎች ነው የሚያነጋግራቸው። አንዷን ሴትዮ «ይግቡ፣ ይግቡ፣ ቦታ አለ» ብሏት ስልኩን ዘግታበታለች።

ከመውለዴ በፊት መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ጽዳት እሠራ ነበር። ስወልድ ከባሌ ጋር ተነጋገርን። ስፌቱ እስከ መስከረም ደንበኛ ካመጣ ቤት እቀመጣለሁ፤ ካላመጣ ልጁን ለአማቴ ትቼ ወደ ጽዳቱ እመለሳለሁ። ልጁ ገና ክርስትና መነሣቱ ነው። ጡት ሲፈልግ ፊቱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ ሸሚዜን የሚፈልግ ነገር። እሱን ትቼ ማለዳ ታክሲ መሳፈሬን እያሰብኩ፣ ሳልሄድ በፊት አለቅስ ነበር።

በሰኔ አንዲት ሴትዮ ከሲ.ኤም.ሲ መጡ። ልጃቸውን በጥቅምት ሊድሩ ነው፤ ለመልሱ ትልቅ መሶብ ይፈልጋሉ። የሠራሁትን ትንሽ መሶብ አንስተው በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት። በልጅነታቸው ሰፍተው እንደሚያውቁ ከጣታቸው ያስታውቅ ነበር።

«እጅሽ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ሁለት እህቶች አሉኝ፤ እነሱም ልጅ ይድራሉ። ይሄን ከወደድኩት እነሱንም አመጣልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንቺ እጅ ይሁን። ባለፈው አንዷ ሥራዬን ተቀብላ ለሌላ ሰው ሰጥታብኝ፣ ግማሹ የአንዷ ግማሹ የሌላዋ የሆነ ጉድ ተቀብያለሁ።»

ራሴን ነቀነቅኩ። እሺ ማለቴ ነው።

ሐምሌን በደንብ ሰፋሁ። የመሶቡ ሆድ ሰፋ፣ ጎኑ ቀና አለ። ከዚያ አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ጥሎ ጣሪያችን አልጋው ላይ አፈሰሰ። እኔ ፍራሹን ስጎትት አማቴ ልጁን ታቅፈው መሐል ቤት ቆመው ነበር። ደረቅ ቦታ ሲፈልጉ ዓይናቸው መሶቡ ላይ አረፈ። ጋቢ አጣጥፈው አነጠፉበትና ልጁን አስተኙት።

ያ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ቀን ቀን ተኝቶ አያውቅም ነበር። እቅፍ ላይ ያንጎላጃል፣ ስናስቀምጠው ይነቃል። መሶቡ ውስጥ ሲገባ ግን ሁለት ጊዜ ተንጠራራ፣ ጉልበቱን ሰበሰበ፣ ተኛ። እስከ ምሳ ተኛ። ምሳ አልፎ ተኛ። አማቴ ትንፋሹን ሊያዳምጡ ሁለት ሦስቴ ጎንበስ አሉ።

«ሣሩ ነው» አሉ። «ሽታው ያስተኛዋል። ሰው ሁሉ ድሮ ሣር ላይ ነበር የሚተኛው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ አልተኛም አለ። ጥበቡ አልገባኝም፤ ሳፋ ውስጥ ጋቢ አንጥፈን ሞከርን፣ ካርቶን ውስጥ ሞከርን፣ አማቴ የድሮ ሰፌዳቸውን አምጥተው ሞከሩ። ሰፌዱ ላይ ሲያርፍ እንደ ተሰደበ ሰው ጮኸ።

እንግዲህ ችግሬን አስቡት። ልጁ ሲነቃ እቅፌ ላይ ነው፤ መስፋት አልችልም። ልጁ ሲተኛ መሶቡ ውስጥ ነው፤ መስፋት አልችልም። ማታ ባሌ ሲመጣ ቀስ አድርጎ ከመሶቡ ሊያወጣው ይሞክራል። ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ከሥሩ ያስገባና በሹክሹክታ «ወራጅ አለ» ይላል። ልጁ ዓይኑን ይከፍታል።

«መልሰው» እለዋለሁ።

«ወራጅ የለም» ይልና ይመልሰዋል።

ነሐሴ እንዲህ አለቀ። የቀረው የላይኛው ዙር ብቻ ነበር፤ ነገር ግን የመሶብ ውበቱ ከላይ ነው፤ የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። አንድ ቀን ልጁ ተኝቶ እኔ መሶቡ አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ስፌቱን ማዞር ካልቻልኩ ራሴ ልዙር የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ተንበረከክሁ። ከእግሩ በኩል ጀመርኩ። አንዴ እወጋለሁ፣ ቀለም የነከርኩትን ሣር፣ አለላውን፣ አሳልፋለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ በጉልበቴ አንድ እርምጃ እሄዳለሁ። ራሱ ጋ ስደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ወስፌውን ሁልጊዜ ወደ ውጭ ነበር የማወጣው፣ ጫፉ ወደ ልጁ እንዳይዞር።

አማቴ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ምን ሆነሻል? ምን ወድቆብሽ ነው?»

«እየሰፋሁ ነው።»

«ልጁን አብረሽ ልትሰፊው ነው?»

ወስፌውን ሲያዩ በኦሮምኛ ጀመሩ። ኦሮምኛዬ ብዙ አይደለም፤ የገባኝ «ዓይኑ» የሚለው ብቻ ነው። ጫፉን ወደ ውጭ እንደማወጣ አሳየኋቸው። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ በአማርኛ፣ «ለነገሩ ብረት ነው» አሉ። እንደሳቸው፣ ሕፃን ብቻውን ከተተወ አጠገቡ ብረት መኖር አለበት፤ እስከዚያን ቀን ድረስ ትራሱ ሥር የማረሻ ስባሪ ነበር የሚያደርጉበት። ማረሻውን አንስተው ሄዱ፤ ለሌላ ሥራ ይፈልጉት ኖሯል።

እንዲህ እየዞርኩ ጨረስኩ። ጉልበቴ እንደ ሰጋጅ ጉልበት ጠቆረ። መሶቡ ግን አለቀ፤ ክዳኑን በሐምሌ፣ አማቴ ልጁን ሲያጫውቱ፣ አስቀድሜ ሰፍቼው ነበር።

ሴትዮዋ የሚመጡት ቅዳሜ ነው። በዚያ ሳምንት ሴትዮዋ ሲደውሉለት ባሌ ተሳፋሪ እያስገባ ነበር። «ሐሙስ ብመጣ ይደርሳል ወይ?» ብለውታል። እሱ «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ብሏል። ሌላ ምን ይበል፤ ቀኑን ሙሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ለእኔ መንገር ግን ረሳ።

ሐሙስ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። አማቴ በቀዳዳ አዩና ሮጠው ገብተው ልጁን ከነጋቢው ከመሶቡ ነጠቁ። በእንቅልፉ ላይ ስለሆነ ልጁ አቀለጠው። ሴትዮዋ ሲገቡ ያዩት አንድ የሚያለቅስ ሕፃን፣ አንድ የሚያወዛውዙ አያት፣ መሐል ቤት የተገተርኩትን እኔንና መሶቡን ነው።

«እሰይ፣ አልቋል» አሉ። ተቀምጠው ወደ ራሳቸው ሳቡት። አውራ ጣታቸው ከታች ጀመረ። ሆዱን ዳበሱ፣ ጎኑን ዳበሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ።

«ይሄ የማን እጅ ነው?» አሉ።

ወደ አማቴ ዞርኩ።

«የሷ ነዋ» አሉ አማቴ፣ ከልጁ ጩኸት በላይ።

«እማማ፣ እኔም ሰፍቻለሁ። እስከዚህ ድረስ ጥልፉ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወይ ልጅቷ መሐል ላይ ግራኝ ሆናለች፣ ወይ ሌላ ሰው ጨርሶታል።»

እውነታቸውን ነበር። ቁጭ ብዬ ሳዞረው በአንድ በኩል ነው የምሄደው፤ ልጁን ስዞረው፣ ከእግሩ ስጀምር፣ በሌላ በኩል ሄጄአለሁ። ጥልፉ ዞሯል። አይቼው አላውቅም፤ የማየው ሁልጊዜ ልጁን ነበር።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አልተቆጡም፤ ያ ነው የባሰው። «አንድ ነገር ብቻ ነበር እኮ የጠየቅኩት» አሉ ቀስ ብለው።

እዚያ ቆሜ ሁለት ነገር ታየኝ። ዝም ካልኩ ሥራውን ለሌላ የሰጠሁ ውሸታም ነኝ፤ እሳቸውም ይሄዳሉ፣ እህቶቻቸውም አይመጡም፣ እኔም ከሰኞ ጀምሮ መወልወያዬን ይዤ መገናኛ ነኝ። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ሙሽሮች የሚበሉበትን መሶብ የልጅ አልጋ አድርጌዋለሁ። የቱ እንደሚሻል ለማሰብ ጊዜ አልነበረም፤ ቢኖርም ለማስረዳት አፍ አልነበረኝም። ስለዚህ ልጁን ከአማቴ ተቀበልኩ። ጋቢውን አነጠፍኩ። መሶቡ ውስጥ አስተኛሁት።

ዝም አለ። ጉልበቱን ሰበሰበ።

ወስፌውን አንስቼ ተንበረከክሁ፤ ሳልወጋ፣ እንደምሰፋ ሆኜ፣ ከእግሩ ጀምሬ ዞርኩ። ራሱ ጋ ስደርስ እንደለመድኩት ትንፋሼን ያዝኩ። ፊቴ በርበሬ መስሎ እንደነበር አማቴ ኋላ ነግረውኛል። አንድ ዙር ጨርሼ ሴትዮዋ እግር ሥር ደርሼ ቆምኩ።

ሴትዮዋ ጎንበስ አሉ።

«እና ልጁ የሚተኛው እዚህ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«አዎ» አልኩ። ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

አማቴ ጣልቃ ገቡ። «ጋቢ አለው፣ እትዬ። ከጋቢው ሥር ላስቲክ አለው። ከላስቲኩ ሥር ሌላ ጋቢ አለው። ለእንጀራ እንኳ ይህን ያህል አይነጠፍለትም።»

«ሽንቱስ?»

«ዳይፐር አለው። ዳይፐሩን እኔ አላምነውም፤ ላስቲኩ የኔ ነው።»

ሴትዮዋ መሶቡን አዩ፣ ልጁን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው አልጋው ላይ ጣሉና «ወስፌውን ስጪኝ እስቲ» አሉ። ተንበረከኩ። ከእግሩ ጀመሩ። በጣታቸው እየለኩ፣ ወስፌውን ወደ ውጭ እያወጡ፣ በጉልበታቸው ግማሽ ዙር ሄዱ። ራሱ ጋ ሲደርሱ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ያዙ።

«እኔ የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ነው ስፌት የተውኩት» አሉ ከዚያው ከወለሉ። «ልጅና ስፌት አንድ ላይ አይሆንም ተብዬ። መዞር እንደሚቻል የነገረኝ የለም።»

«አሁን ይነሡ» አሉ አማቴ።

«አልችልም።»

አማቴ በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላው ይዘን ጎተትናቸው። ሲቆሙ ጉልበታቸው እንደ ደረቅ እንጨት ቋ አለ፤ ልጁ ግን አልነቃም። አልጋው ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በትከሻቸው ብቻ። አማቴም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ መሳቅ እንደሚፈቀድልኝ ስላላወቅሁ ወለሉን አየሁ።

«እወስደዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የላይኛውን እንዳትነኪው፤ እንዳለ ይሁን። ፀሐይ አሳዪው፣ ጨርቅ ነክረሽ ጥረጊው። እኛም ትሪ እናደርግበታለን። እህቶቼንም አመጣልሻለሁ፤ ልጅ እንደተኛበት ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺላቸው።»

ይህን ለእኔ ማዘዛቸው ያስቃል። እኔ ለማን እተነፍሳለሁ?

ቅዳሜ ባሌ መሶቡን ተሸክሞ ዳገቱን ወርዶ መኪናቸው ላይ ጫነው። ልጁ ዳገቱ ላይ እስከሚሰማ አለቀሰ። ወደ ጽዳቱ እንደማልመለስ ለባሌ ስነግረው ጣቱን ጆሮው ውስጥ ከትቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። ከዚያ አቀፈኝ፤ ልጁም በመሐላችን እየጮኸ ነው። አማቴ «ቶሎ ሌላ ጀምሪ» አሉ፤ ይህ በአማርኛ ነበር።

ጀመርኩ። ለመጀመሪያዋ እህት። መሶብ ከመሐሉ ተነሥቶ ነው እየሰፋ የሚሄደው፤ ስለዚህ ልጁ መጠበቅ ነበረበት። እያደር እንደ ሰሐን ሆነ፣ ከዚያ እንደ ትሪ። ትሪ ሲያህል ልጁን ጎኔ አድርጌ ስሰፋ፣ ለአፍታ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ አማቴ አስተኝተውበት አገኘሁ። በደንብ ተኝቷል።

በዚያው ሳምንት እህትየዋ በአማቴ ስልክ ደወሉ። ባሌ ሥራ ላይ ነው፤ አማቴ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

«እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች» አሉ ሴትዮዋ። «ስንስቅ ነው የዋልነው። የኔን ግን አደራ፣ ልጅሽ እንዳይተኛበት።»

ወደ ልጁ አየሁ። ለሴትዮዋ መዋሸት አልፈለግሁም፤ ሥራውንም ማጣት አልፈለግሁም።

«እስካሁን እግሩ ውጭ ነው» አልኳቸው።