የሐሊማ ጫማ

ጎረቤቴ ሐሊማ እኩያዬ ናት። እኔ ጠዋት ተረከዜን መሬት ማስነካት ሲያቅተኝ፣ እሷ ድንበሩን በእግሯ ተሻግራ ኢትዮጵያ በኩል ገበያ ውላ ትመለሳለች። ከዋልዳ ስደተኞች ካምፕ ወጥቼ ድንበሩ አጠገብ ማንያታ የሚባለው ሰፈር ከገባሁ ጀምሮ፣ መጽሐፍ ይዤ መስኮት ሥር ተቀምጬ የምቀናው በእሷ ነው።

ተረከዜን የሚያክመኝ ፊዚዮቴራፒስት የማዘወትረውን ጫማ እንዳመጣ አዘዘኝና ይዤለት ሄድኩ። ገልብጦ አየው።

"ማማ፣ ጫማው በውስጥ በኩል ተበልቷል። እግር ወደ ውስጥ ሲወድቅ የውስጥ እግር ጅማት ይወጠርና ተረከዝ ያማል። ባትን በየቀኑ ማሳሳብ ያሽለዋል።" ቀጥሎ እግሬን አየ። "ግን የእርስዎ እግር እንዲህ አይረግጥም። የማን ጫማ ነው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ትናንት ሐሊማ ቤት ጫማ ደጅ አውልቄ ገብቼ ነበር፤ ሁለታችንም የገዛነው ከአንድ ነጋዴ፣ አንድ ዓይነት ነው።

የጎረቤቴ የሐሊማ መሆኑን ስነግረው፣ "የጫማው ባለቤት ከእርስዎ የባሰች ታማሚ ናት" አለኝ።

በሕመም እንኳ በለጠችኝ። ጫማዋን ስመልስላት ያማት እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ኧረ ቆየ፤ ከአንቺ በፊት ነው የጀመረኝ።"

"ታዲያ ሁልጊዜ ቀጥ ብለሽ የምትሄጂው እንዴት ነው?"

"አንቺ በመስኮት እያየሽኝ ላነክስልሽ ነው? ጥጉን ከታጠፍኩ በኋላ ነው የማነክሰው።"