ጽዋው ከቤታችን እንዳይወጣ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በክረምት ነው። በሐምሌ ማርያም የማኅበራችንን ጽዋ ተረክቤ ወደ ቤቴ አመጣሁ። የነሐሴ ሃያ አንድ ደጋሽ እኔ ነበርኩ። ጽዋውን በነጭ ሻሽ ሸፍኜ ከራስጌዬ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ አኖርኩት። በሳምንቱ ከአራዳ ገበያ ስመለስ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ጭቃው አዳለጠኝና ቅልጥሜ ተሰበረ።

ወጌሻው በቀርከሃ አሰረኝ። «እስከ መስቀል መሬት እንዳትረግጪ። ለጊዜው ቀናም አትበይ፤ በጀርባሽ ተኚ» ብሎኝ ሄደ። ባሌ ነጋዴ ነው፤ በቅሎቹን ይዞ ጅማ ወርዷል። ወንዞቹ ሳይጎድሉ አይመለስም። ቤት ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ገና የምትድኽ ሕፃን ልጄ፣ እና ዐሥራ አራት ዓመት የሞላት ታላቋ ልጄ ነበርን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ በእሷ እግር ቆመ። እኔ ተኝቼ እግሯን እሰማለሁ። ወደ ወንዙ ስትወርድ፣ እንስራ ተሸክማ ስትመለስ፣ ደጃፉ ላይ ጭቃዋን ስትጠርግ። ወዲያው ደግሞ ትወጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምጿ ይጠፋብኛል፤ ያኔ ልቤ አይረጋም። ጸሎቴን እጀምርና የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል። ስትቀመጥ ሰምቻት አላውቅም።

ጠያቂ አላጣሁም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሚመጣው ሁሉ ገና ከደጅ፣ «በሽተኛዋ እንዴት አደረች?» ብሎ ልጄን ይጠይቃታል። ሲወጣም «አይዞሽ፣ እናትሽን ጠብቂ» ይላታል። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት አልሰማሁም። የሰፈሩ ልጃገረዶች የእንቁጣጣሽን ዘፈን ሊለማመዱ ሲሰበሰቡ ከበር ሆነው ጠሯት። «ጠጉሬ አልተሠራም» አለቻቸው። ሹሩባዋን የምሠራላት እኔ ነበርኩ።

ፍልሰታ እንደ ገባ፣ የማኅበራችን ታላቅ የሆኑት እሜቴ ከአፍንጮ በር ድረስ በጭቃ መጡ። አንዲት ቀልደኛ ማኅበርተኛችን ተከትላቸዋለች።

«ልጄ፣ ጽዋውን ልንወስድልሽ ነው የመጣነው» አሏት ልጄን። «የነሐሴን ሌላ ሰው ይደግሳል። እናትሽ ሲሻላት ተራዋን ታወጣለች።»

ልጄ ሄዳ ከመደርደሪያው ሥር ቆመች።

«አይወጣም፣ እሜቴ።»

«ምነው?»

«እናቴ አልሞተችም።»

እሜቴ አማተቡ። «ማን ሞተች አለ?»

«ከአያቴም ቤት ‹ይቅለላት› ብለው ነው የወሰዱት።»

ያኔ ነገሩ ገባኝ። እናቴ የታመመች ጊዜ ማኅበርተኞቿ አዝነውላት ጽዋውን ከቤቷ አወጡ። ከዚያ በኋላ ሳምንት አልቆየችም። ልጄ ትንሽ ነበረች፤ ግን አይታለች። ጽዋ ያለ ተራው ከወጣ ባለቤቲቱ ትከተለዋለች ብላ በልቧ ይዛዋለች።

«ታዲያ ማን ሊጠምቅ ነው?» አለች ቀልደኛዋ።

«እኔ።»

«አፍሽስ ጠምቋል፤ የቀረው ጋኑ ነው!»

ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። እሜቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ይቆይ» አልኩ።

«እንግዲያው መጥተን እናግዝሽ» አሏት።

«እችላለሁ፣ እሜቴ። እናንተ እንግዶች ናችሁ።»

ሳይጠሩት የሰው ጓዳ የሚገባ የለምና ቃሏን አክብረው ሄዱ። እኔ ነገሩን ከልቧ ላወጣው ሞከርኩ። «ሞትና ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ» አለችና ጌሾ ልትወቅጥ ወጣች።

ጌሾውን ወቀጠች፤ ጠነሰሰች። ውሃውም፣ እንጨቱም፣ ሕፃኗም፣ እኔም እንደ በፊቱ በእሷ ላይ ነን። ፊቷ ሾጠጠ። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ለአሻሮ የሚሆነውን ገብስ ልትቆላ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። የማማሰያው ድምፅ ጥቂት ተሰማኝ፤ ከዚያ ቆመ። አንገቴን ቀና አድርጌ ባይ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ማማሰያው ከእጇ ወድቋል። ሕፃኗ ከአጎዛዋ ወርዳ ወደ እሳቱ እየዳኸች ነው።

ልጄን ጠራኋት። አልሰማችም። ልነሳ ስል እግሬ ያዘኝ፤ ከአልጋው ጠርዝ አላለፍኩም። «እመ አምላክ!» ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

በሩ ተበረገደ። የወሎዋ ጎረቤቴ ናት። ባሏ አራዳ ላይ ልብስ ይሰፋል፤ ግድግዳችን አንድ ነው። ዘላ ሕፃኗን ከምድጃው ጫፍ አፈፍ አደረገቻት።

ልጄ ባነነች። ያረረውን ገብስ አየች፤ ሕፃኗን በጎረቤታችን ክንድ ላይ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«አብሽሪ» አለቻት ጎረቤቴ። «ምንም አልሆነች። አንቺስ? በልተሻል?»

«እናቴ በልታለች» አለች ልጄ።

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

ያኔ አለቀሰች። እግሬ ከተሰበረ ወዲህ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር።

«በይ ነይ ተኚ።»

«እትዬ፣ ድግሱ አልደረሰም።»

«የድግስሽን ጠላ እኔ አልነካው፣ አልቀምሰው፤ ሃይማኖቴም አይፈቅድልኝ። እሱ ያንቺ ነው። እናትሽንና ሕፃኗን ግን በየቀኑ ቀትር ላይ ዙሁር ሰግጄ ስመጣ ለኔ ትተዪልኛለሽ። ያኔ አንቺ ትተኛለሽ።»

«እናቴ እኮ ስትገላበጥ...»

«ወላሂ፣ በሽተኛ መያዝ ልታስተምሪኝ ነው? እኔም አንቺን ሳክል አያቴን አስታምሜያለሁ!»

ልጄ ወደ እኔ አየች። ከማኅበርተኞቹ ያልተቀበለችውን ከእሷ ተቀበለች። ይቺኛዋ ጽዋውን የምትወስድባት አይደለችም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣች። ሕፃኗን አዝላ እኔን ታገላብጠኛለች፤ ልጄ ከእግርጌዬ ትተኛለች። የልጄን ትንፋሽ እየሰማሁ ጸሎቴን እስከ መጨረሻው አደረስኩ። ያቺ ጎረቤቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። ስሟን በጸሎቴ ሳልጠራ አላድርም።

ነሐሴ ሃያ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ አለ። ወጌሻው ፈቅዶልኝ በትራስ ደግፈው አስቀመጡኝ። ማኅበርተኞቹ ተሰበሰቡ፤ የማኅበራችን ቄስ ጽዋውን ባረኩ። ልጄ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ጠጉሯን በሻሽ ሸፍና፣ ከአንዷ ወደ አንዷ አዞረችው። ቀልደኛዋ ጠጥታ ከንፈሯን ጠረገች።

«አሻሮው ትንሽ አርሯል» አለች። «ግን አትዘኚ፤ የኔን የመጀመሪያ ጋንማ ውሻም አልጠጣው!»

በዚህኛው ልጄም ሳቀች።

ጽዋው በተራው ለመስከረም ደጋሽ ተሰጠ። ልጄ እስከ በር ሸኘችው። ተመልሳ መጥታ ግንባሬን ዳሰሰች።

«አለሁ» አልኳት።

እሜቴ ይህን አዩ። «ሕፃኗስ የት ናት?» ብለው ጠየቁ። ጎረቤታችን ዘንድ መሆኗን ሲሰሙ ተነስተው ወጡ። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ንግግራቸው ይሰማኛል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። እስከ መቼ ልትችዪው ነው?»

«እስከቻልኩ፣ እሜቴ። ውሃውን ግን አልደረስኩበትም። አሁንም ራሷ ናት የምትወርደው።»

ተመልሰው ሲገቡ ሴቶቹን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ውሃውን ማን ይይዛል?» አሉ።

«እኔ» አለች ቀልደኛዋ። «ቤቴ ከድልድዩ ሥር ነው።»

«ገበያውንስ?»

ሌላዋ ያዘችው። ልጄ «እችላለሁ» ልትል አፏን ከፈተች።

«መቻልሽንማ ጠጥተነዋል» አሏት እሜቴ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄ ሳትነሳ ውሃው ደጅ ደረሰ። የጊዮርጊስ ደወል ሲደወል እመቤቴን አመሰገንኩ። ልጄ ስትነቃ «እንዴት አደርሽ?» አልኳት። «ደህና» አለች፤ ተነስታ ስትቀመጥ ግን «ደክሞኛል» አለችኝ። ማበጠሪያውንና ቅቤውን እንድታመጣ ነገርኳት። ትራሴን ተደግፌ ቀና አልኩ፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአልጋው ሥር ተቀመጠች። ጠጉሯ ተቋጥሮ ነበር። ቀስ ብዬ ፈታሁት፤ ቅቤ ቀባሁት፤ ሹሩባ ሠራሁላት። ልጃገረዶቹ ለእንቁጣጣሹ ዘፈን ደጅ ላይ መሰብሰብ ጀምረዋል። ስጨርስ ትከሻዋን መታ አድርጌ «ሂጂ» አልኳት።