የጋሽ መኩሪያ ፎልደር

ባለፈው እሑድ ለንደን፣ ዊልስደን ባለው ቤታችን ልጄ የሟች አባቴን ፎቶዎች ቤተሰቡ ሁሉ ወደሚያይበት ማከማቻ ስታስገባ ቆየችና፣ «እማዬ፣ ኦውነሩ ማን ይሁን? ፐርሚሽን ለማን ልስጥ?» አለችኝ። ባለቤት፣ ፈቃድ፦ ሁለቱ ቃላት ወደ ኋላ ወሰዱኝና የያዝኩት ሻይ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካሌዶኒያን ሮድ ላይ፣ ከዶሮ ጥብስ ቤት በላይ በነበረችው የመረዳጃ ማኅበራችን ክፍል፣ የስደተኞችን ወረቀት ስካን እያደረግሁ ከኮምፒውተሩ ጋር በተገናኘች አንዲት የጋራ የፋይል ማከማቻ ሳጥን ውስጥ አስቀምጥ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ፎልደር አለው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ሌላው አይከፍተውም። እርስ በርስ በምንጠራጠርበት በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ጋሽ መኩሪያ አዲስ አበባ የሰፈራችን ሰው ነበሩ። «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም፤ አባቴን ግን አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ወረቀታቸውን ያስገቡ ዕለት፣ «አንቺም እንኳ እንዳትከፍቺው። ማይልኝ» አሉኝ። «ማርያምን!» አልኳቸው። ገጾቹን ራሳቸው በማሽኑ ሲያሳልፉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ የሳጥኑ አስተዳዳሪ ብሆንም የራሴን የመክፈት መብት ከፎልደሩ አነሳሁ።

አንድ የየካቲት ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየጣለ፣ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። የጥገኝነት ይግባኛቸው ችሎት በማግስቱ ጠዋት ነው። ዋናው ወረቀት ከነቦርሳው የቶተንሃም አውቶቡስ ላይ ቀርቷል። ያለው የሳጥኑ ቅጂ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ደግሞ ረስተውታል። ይህን መናገር አፍረው ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ ሲያንከራትቱ አንጀቴን በሉት። ሳላሳፍራቸው ላስተካክል ብዬ ስማቸውን ከተጠቃሚዎች መዝገብ አጠፋሁና ያንኑ ስም ከአዲስ የይለፍ ቃል ጋር እንደ አዲስ ጻፍኩ። ለካ ሳጥኑ ሰውን የሚለየው በስሙ ሳይሆን መጀመሪያ ሲመዘገብ በሰጠው ስውር ቁጥር ነው። ለእኔ ያው ጋሽ መኩሪያ ናቸው፤ ለሳጥኑ ግን የማያውቀው እንግዳ ሆኑ። ፎልደሩ «አይፈቀድም» አለ። ደግሜ ብሞክርም ያው ነው።

«ልጄ፣ ይህ ከጠፋ ይመልሱኛል። ብመለስ ደግሞ መግቢያዬ እስር ቤት ነው» አሉኝና ለጠበቃቸው ሊደውሉ ወረዱ።

አንድ መንገድ ብቻ ቀረኝ፦ በአስተዳዳሪነቴ የፎልደሩን ባለቤትነት ወደ ራሴ ማዞር። ማርያምን ይቅርታ ለምኜ መሐላዬን አፈረስኩ። ተከፈተ። ፕሪንተሩ ገጾቹን አዘበራርቆ ሲተፋቸው፣ ቅደም ተከተላቸውን ላስይዝ ስል ዓይኔ አራተኛው ገጽ ላይ አረፈ። «ቤቴን ለወታደሮቹ ያሳየው የቀበሌያችን ሹም» ይልና የአባቴ ስም ከነአያቱ ተጽፏል።

ሲመለሱ ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«አነበብሽው?»

«አላነበብኩም።»

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉና ግንባሬን ሳሙኝ።

ከወራት በኋላ የመኖሪያ ወረቀታቸውን አገኙ። እኔ ግን አባቴ ጋ መደወል አቃተኝ። ሰበብ ስፈጥር ዓመታት አለፉ፤ ሳልጠይቀው ሞተ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«እማዬ!» አለች ልጄ። ስክሪኑ ላይ አባቴ ትንሿን እኔን ትከሻው ላይ አድርጎ ይስቃል። «ለሁሉም ክፈቺው» አልኳት።

ያኔ ጋሽ መኩሪያ ወረቀታቸውን ያስቆለፉኝ ሰላይ ፈርተው ይመስለኝ ነበር። ለካስ የአባቴን ስም እንዳላይ ለእኔ አዝነው ኖሯል። እኔም አሁን ለልጄ አዝኜ የአያቷን ነገር ልቤ ውስጥ ቆልፌዋለሁ።